ቁልፍ ማብዛት ሳይሆን ቅደም ተከተል መጠበቅ

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ስታገኙ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ኮዳቸውን እየላኩ «ቲቸር፣ እስቲ እየው» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። አንዱ ለሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ፣ ሌላዋ ለትምህርት ቤት የውጤት መመዝገቢያ ሠርታለች። ሁሉም ጋ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል»።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ሁለት ሰው ወይም ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚነኩት ነገር ካለ፣ «ሞክሬዋለሁ» ማረጋገጫ አይሆንም። ችግሩ ሲመጣ ደግሞ «ሎክ ጨምርበት» የሚለው መልስ ብቻውን ከችግሩ ሊብስ ይችላል። የሚያድነን ሁሉም የሚያውቀው፣ የተጻፈ ቅደም ተከተል ነው። ይህንን ለመማር ከኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ የፋይል ሲስተሙን ኮድ የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። ፋይል ሲስተም ማለት ዲስክ ላይ ያለውን የቁጥር ክምር ፋይልና ፎልደር አድርጎ የሚያሳየን ክፍል ነው።

«አንተ የሃይስኩል አስተማሪ፣ ከርነል ምን አገባህ?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ ከርነል ጽፌም አላውቅም። ግን የሊኑክስ ኮድና ሰነዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ማንበብ ዲግሪ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ሬስ ኮንዲሽን የሚባለውን እንይ።

አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ስሙ ይቆየን፣ ማርክ የሚሞላው በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሟ ሙሉውን ፋይል ታነባለች፣ ትቀይራለች፣ ሙሉውን መልሳ ትጽፋለች። ሁለት መምህራን በሁለት ኮምፒውተር ያንኑ ፋይል ከፈቱ። የፊዚክሱ ሞልቶ ሴቭ አደረገ። የእንግሊዝኛዋ ደግሞ ቀደም ብላ በከፈተችው፣ የፊዚክስ ማርክ ባልገባበት ቅጂ ላይ ሞልታ ሴቭ አደረገች። የፊዚክሱ ማርክ ጠፋ። ኮምፒውተሩ ምንም ስህተት አላሳየም፤ ሁለቱም «በትክክል ተቀምጧል» የሚል መልእክት አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አንዲት ልጅ ሮስተሯ ላይ ባዶ ቦታ አይታ ሁለት ሳምንት ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። ያዳናት የመምህሩ የወረቀት ማርክ ሊስት ነው። ወረቀቱ ባይኖርስ?

ሬስ ኮንዲሽን ይኼ ነው። ውጤቱ የሚወሰነው ማን ቀድሞ ደረሰ በሚለው ነው። ብቻህን ስትሞክረው ሁሌም ይሠራል፣ ምክንያቱም የሚሽቀዳደምህ የለም።

ፋይል ሲስተም ውስጥ ይህ ነገር በየሴኮንዱ አለ። ለምሳሌ ፕሮግራምህ «ይህ ስም ያለው ፋይል አለ?» ብሎ ይጠይቃል። «የለም» ሲባል «እንግዲያው ፍጠር» ይላል። በጥያቄውና በፍጠሩ መካከል ግን ክፍተት አለ። በዚያች ክፍተት ሌላ ፕሮግራም በዚያው ስም ፋይል ሊፈጥር ይችላል። ተንኮለኛ ከሆነ ደግሞ በዚያ ስም ወደ ሌላ ከፍተኛ ፋይል የሚመራ ሊንክ ያስቀምጥልሃል፤ ፕሮግራምህ በራሱ ሥልጣን ሄዶ የማይነካውን ይነካል። ለዚህ ነው ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች «ከሌለ ፍጠር፣ ካለ እምቢ በለኝ» የሚል አንድ የማይከፈል ትእዛዝ ያላቸው። ጥያቄውና ሥራው ፎልደሩ እንደተቆለፈ አንድ ላይ ያልቃሉ። «መጀመሪያ አረጋግጥ፣ ከዚያ ሥራ» የሚለው የሕይወት ምክር እዚህ ቦታ ላይ ወጥመድ ነው።

ሌላ ደግሞ እጅግ የምወደው ምሳሌ አለ። ሀ እና ለ የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ፕሮሰስ «ሀን ወደ ለ ውስጥ አስገባ» አለ። ሌላው በዚያችው ቅጽበት «ለን ወደ ሀ ውስጥ አስገባ» አለ። እያንዳንዱ ለብቻው ሕጋዊ ነው። ሁለቱም «ራሴን በራሴ ውስጥ እያስገባሁ ነው ወይ?» ብለው ቢያረጋግጡ መልሱ «አይደለም» ነው። ሁለቱም ከተፈጸሙ ግን ሀ በለ ውስጥ፣ ለ በሀ ውስጥ ይሆናሉ። ከዋናው ዛፍ ተቆርጠው በአየር ላይ ይቀራሉ! ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ አሉ፣ የሚደርስባቸው መንገድ ግን የለም።

«ይህማ በሺህ ዓመት አንዴ ነው» አትበሉኝ። «ዲርቲ ካው» የተባለውን የሊኑክስ ክፍተት አስታውሱ። በሜሞሪ አያያዝ ኮድ ውስጥ ያለ ሬስ ኮንዲሽን ነበር፤ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ መጻፍ ወደማይችለው ፋይል እንዲጽፍ ያስችለው ነበር። ለሕዝብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ኮዱ ውስጥ የነበረው ግን ከ2007 ጀምሮ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰርቨሩም ስልኩም ላይ ሲሠራ ኖሯል። ሁሉም «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ሲል ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እንቆልፋ! ትሉኛላችሁ። እሺ፣ እንቆልፍ። አንዱ ፎልደሩን ሲነካ ሌላው ውጪ ቆሞ ይጠብቅ። ሁለተኛው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ዴድሎክን ለአበሻ ማስረዳት ቀላል ነው። አንዱ ቢሮ «መታወቂያ ለማውጣት መጀመሪያ የቤት ኪራይ ውል አምጣ» ይልሃል። ውል የሚያጸድቀው ቢሮ ደግሞ «ለመዋዋል መጀመሪያ መታወቂያ አምጣ» ይልሃል። ሁለቱም መመሪያቸውን አክብረዋል። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አላጠፋም። አንተ ግን እስከ ዕለተ ሞትህ በሁለቱ መካከል ትመላለሳለህ። በቃ፣ ዴድሎክ ማለት ይህ ነው።

ወደ ፎልደሮቹ እንመለስ። አንዱ ፕሮሰስ ፋይል ከሀ ወደ ለ ሊያዛውር ሀን ቆለፈ፣ ለን ይጠብቃል። ሌላው ከለ ወደ ሀ ሊያዛውር ለን ቆለፈ፣ ሀን ይጠብቃል። ማንም አይለቅም። ጣጣው እዚያው ላይ አያቆምም፤ እነዚህን ፎልደሮች ሊከፍት የመጣ ሁሉ ከኋላቸው ይሰለፋል፣ የመጣውም በእጁ ሌላ ሎክ ይዞ ከሆነ እሱን የሚፈልጉ ደግሞ ከእሱ ኋላ ይሰለፋሉ። ሊኑክስ ላይ እንደዚህ የተያዘ ፕሮሰስ «ዲ» የሚባል ሁኔታ ውስጥ ይገባል፤ ኪል ማይነስ 9 ብትሉት እንኳ አይሞትም። ያላችሁ ምርጫ ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። የባንክ ወይም የሆስፒታል ሰርቨር ላይ አስቡት።

እ.ኤ.አ. በ1971 ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች መሟላት እንዳለባቸው ጽፈዋል። ዕቃውን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ መያዝ ሲችል፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ ሲኖር፣ ከያዘው ሰው ቀምቶ መውሰድ ሳይቻል፣ እና ጥበቃው ዞሮ ሲገጥም። ከአራቱ አንዱን ብቻ ከሰበርክ ድነሃል። ፋይል ሲስተም ውስጥ በግማሽ ሥራ ላይ ያለን ፎልደር ቀምቶ ለሌላ መስጠት አይቻልም፤ ዲስኩ ይበላሻል። በአብዛኛው የሚሰበረው አራተኛው ነው፣ ክቡ። ክቡ የሚሰበረው ደግሞ ሁሉም ሰው ሎኮቹን በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሲይዝ ነው። ሁሉም «መጀመሪያ ሀ፣ ቀጥሎ ለ» ካለ ሁለተኛው ሰው ሀ ላይ ይቆማል፤ ባዶ እጁን ስለሆነ ማንንም አያግድም።

ሊኑክስ ለፎልደር ያለው ሕግ ሲበዛ ቀላል ነው፤ ወላጅ ከልጅ ይቀድማል። ሁለቱንም መቆለፍ ካስፈለገህ ከላይ ያለውን ፎልደር ከሥሩ ካለው አስቀድመህ ትቆልፋለህ። ዛፍ ስለሆነ ወደ ታች ብቻ እየሄዱ መዞር አይቻልም። ፎልደር ያልሆኑ ሁለት ፋይሎችን መቆለፍ ሲያስፈልግ ደግሞ በሜሞሪ አድራሻቸው፣ ትንሹ ቀድሞ ይቆለፋል።

ግን ማዛወር የሚባለው ሥራ ዛፉን ራሱን ይቀይራል። አንተ ሎክ ስትጠብቅ ወላጅ የነበረው ልጅ ሆኖ ሊቆይህ ይችላል። «ወላጅ ይቀድማል» የሚለው ሕግ ማን ወላጅ እንደሆነ ካልታወቀ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፋይል ሲስተም አንድ ተጨማሪ ትልቅ ሎክ አለ። ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ፎልደር ማዛወር የፈለገ መጀመሪያ እሱን ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ አዛዋሪ ብቻ፤ እሱ እስኪጨርስ የዛፉ ቅርጽ አይነቃነቅም። ቅድም ያየነው በአየር ላይ የመቅረት ችግርም በዚሁ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ ተቀምጧል። ከከርነሉ ኮድ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ ስለ ፎልደር አቆላለፍ ብቻ የሚያወራ ሰነድ አለ። ሕጎቹን ከዘረዘረ በኋላ ዴድሎክ ሊፈጠር እንደማይችል ልክ እንደ ጂኦሜትሪ ደረጃ በደረጃ ያረጋግጣል። መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ። እኛ «ቴስት አድርጌዋለሁ» እንላለን፣ እነሱ ይህን ያህል ነገር በጽሑፍ ያረጋግጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልምጣ፤ ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝም እሱ ነው።

አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ወላጅ ሲዛወር፣ በውስጡ ያለው «ወላጄ ይህ ነው» የሚል ምልክት (ሁለቷ ነጥብ) መቀየር አለበት። በዚያው ቅጽበት ሌላ ፕሮሰስ በዚያ ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ቢፈጥርስ? አንዳንድ ፋይል ሲስተሞች የትንሽ ፎልደርን ይዘት እዚያው ከመዝገቡ ጋር ያስቀምጡታል፤ ሲሞላ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገለብጡታል። ግልበጣውና የምልክት ቅየራው ከተጋጩ ፎልደሩ ሊበላሽ ይችላል። እውነተኛ ሬስ ነው፣ መፍትሔም ያስፈልገዋል። በኦገስት 2023 በወጣው ሊኑክስ 6.5 ላይ መልሱ መጣ፦ የሚዛወረውን ፎልደር ራሱንም እንቆልፈው። ሁሌም፤ ወላጁ ባይቀየርና ስሙ ብቻ ቢቀየርም እንኳ። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ፎልደሮች መቆለፍ ካለባቸው በሜሞሪ አድራሻቸው ቅደም ተከተል ይቆለፉ ተባለ።

ምክንያታዊ ይመስላል አይደል? እስቲ ወረቀት አውጡና ከእኔ ጋር ሥሩት።

ሀ የለ ወላጅ ነው እንበል፤ መ ለሁለቱም ዘመድ አይደለም። በሜሞሪ አድራሻ ትንሹ ለ፣ ቀጥሎ መ፣ ትልቁ ሀ ነው። በወላጅ ሕግ ሀ ከለ ይቀድማል። በአድራሻ ሕግ ለ ከመ ይቀድማል። አሁንም በአድራሻ ሕግ መ ከሀ ይቀድማል። ሀ፣ ለ፣ መ፣ ተመልሶ ሀ። ክቡ ገጠመ! እያንዳንዱ ሕግ ለብቻው ትክክል ነው፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ቅደም ተከተል መሆናቸው ይቀራል። ሒሳብ ክፍል «ሀ ከለ ቢበልጥ፣ ለ ከመ ቢበልጥ፣ ሀ ከመ ይበልጣል» ስትባሉ «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ያሾፋችሁ ልጆች፣ ይኸው ለዚህ ይጠቅማል።

ከቦታ ቦታ የሚያዛውር ትልቁን ሎክ ስለሚይዝ ይህ ክብ አይነካውም። እዚያው ወላጅ ሥር ስም የሚቀይር ግን ትልቁን ሎክ አይዝም፤ የዛፉ ቅርጽ ስለማይቀየር አያስፈልገውም ነበር። አሁን ግን አንዱን ፎልደር በሌላው ቦታ ሲተካ ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ፎልደሮች ያለ ትልቁ ሎክ መቆለፍ ጀመረ። አደጋው በዚያ ቀዳዳ ገባ።

ይህንን የከርነሉን የፋይል ሲስተም የጋራ ክፍል ለረጅም ዓመታት የያዘው አል ቪሮ አስተካከለው፤ ማስተካከያው በማርች 2024 በሊኑክስ 6.8 ወጣ። መፍትሔው ምን ነበር? አዲስ ሎክ? አይደለም። የሚዛወረው ፎልደር የሚቆለፈው ወላጁ በእውነት ሲቀየር ብቻ ይሁን፤ ስም ብቻ ሲቀየር የወላጅ ምልክቱ አይነካም፣ ስለዚህ የሚጠብቀው ነገር የለም። ትልቁን ሎክ ሳይይዙ ደግሞ ሁለት ንዑስ ፎልደር መቆለፍ የለም። መፍትሔው ሎክ መቀነስ ነበር ማለት ነው።

ይህን የጻፍኩት ትልልቅ ፕሮግራመሮችን ለማሳነስ አይደለም። በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ የታገሉትም ለእውነተኛ ችግር ነው። ግን ሬስን ሲዘጉ ዴድሎክ ከተከፈተባቸው፣ እኛ ሌሊት በስልክ ዳታ ቪዲዮ አይተን «እዚህ ጋ ሎክ ጣል» ስንል ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

«ታዲያ ለምን ሁሉንም በአንድ ትልቅ ሎክ አንዘጋውም?» የሚል ጎበዝ ተማሪ ሁሌም አለ። ተሞክሯል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ «ቢግ ከርነል ሎክ» የሚባል ነገር ነበረው። ፕሮሰሰሩ በበዛ ቁጥር አንዱ ሲሠራ ሌሎቹ ቆመው መጠበቅ ሆነ። ጥቂት በጥቂት እየነቀሉት ሙሉ በሙሉ የወጣው በ2011 ነው። አስራ አምስት ዓመት! ቢሆንም ትልቅ ሎክ ሁሌ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ፎልደር ማዛወር በቀን ስንቴ ነው? ጥቂት ነው። ለዚያ አንድ ትልቅ ሎክ መያዝ ርካሽ ነው፣ ለመረዳትም ቀላል ነው። ፋይል መክፈት ግን በሴኮንድ ስንት ጊዜ? እዚያ ላይ ትልቅ ሎክ ያንቃል። ፍርዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢንጎ ሞልናር «ሎክዴፕ» የሚባል ተቆጣጣሪ ከርነሉ ውስጥ አስገባ። ሎክዴፕ ዴድሎኩ እስኪደርስ አይጠብቅም። የሎኮችን አያያዝ ይመዘግባል፤ ዛሬ አንዱ ሀን ቀጥሎ ለን ከያዘ፣ ነገ ሌላው ለን ቀጥሎ ሀን ቢይዝ፣ ምንም ባይጋጩም ወዲያው ይጮሃል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ግን ሎኮቹን የሚያውቃቸው በዘር በዘራቸው ነው። የሁሉም ፎልደር ሎክ አንድ ዘር ስለሆነ፣ ይኼኛው ወላጅ፣ ያኛው ልጅ ብሎ የሚነግረው ሰው ነው። ሰውየው ሕጉን በራሱ ጭንቅላት ካላጠራው መሣሪያው ብቻውን አያድነውም።

እንግዲህ የከርነል ኮድ የምንጽፍ ጥቂት ነን፣ ምናልባትም የለንም። ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ለድሮ ተማሪዎቼ ይህን እላለሁ።

1ኛ፦ የሁለት ሰው እጅ የሚደርስበትን ነገር ሁሉ ከኮዱ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉ። ማርክ ፋይል፣ የዕቃ ብዛት፣ የደረሰኝ ቁጥር። ከዚያ ሎኮቹ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያዙ በኮዱ አናት ላይ ጻፉት፤ ነገ ኮዱን የሚረከባችሁ ልጅ ጭንቅላታችሁን ማንበብ አይችልም።

2ኛ፦ ፋይል ስታስቀምጡ በቀጥታ በአሮጌው ላይ አትጻፉ። አዲስ ፋይል ጽፋችሁ፣ ዲስክ ላይ መድረሱን አረጋግጣችሁ፣ ከዚያ በአሮጌው ስም ቀይሩት። ስም መቀየሩ አንድ የማይከፈል እርምጃ ስለሆነ የሚያነብ ሰው ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ሙሉ ያገኛል። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት አገር ይህ ብቻውን ብዙ ያድናል። ግን ልብ በሉ፦ ከላይ የነገርኳችሁን የማርክ መጥፋት አይከለክልም። ለእሱ ከማንበብ እስከ መጻፍ ድረስ ሎክ መያዝ ያስፈልጋል።

3ኛ፦ ሊኑክስ ላይ በተለምዶ የምትጠቀሙት የፋይል ሎክ ስምምነት እንጂ የብረት በር አይደለም። ሎኩን የማይጠይቅ ፕሮግራም ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ከሦስት ፕሮግራም ሁለቱ ሕግ ቢያከብሩ ዋጋ የለውም።

4ኛ፦ ሎክ ይዛችሁ ረጅም ሥራ አትሥሩ፣ ውስጡን የማታውቁትን ኮድም አትጥሩ። ከርነሉ ውስጥ እንኳ ፋይል ሲስተሙ ሎክ ይዞ ሜሞሪ ሲጠይቅ፣ ሜሞሪ ያነሰው ከርነል ዞሮ «አንተው የያዝከውን ወደ ዲስክ ጽፈህ ቦታ አስለቅቅልኝ» ሊለው ይችላል። ራሱ በያዘው ሎክ ራሱን ይቆልፋል። ለዚህ ሲባል «ሜሞሪ ስጠኝ፣ ግን ወደ ፋይል ሲስተም እንዳትመለስብኝ» የሚል ልዩ አጠያየቅ አለ።

ለመምህራን ጓደኞቼ ደግሞ አንድ ነገር። «ፕሮግራም ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይሄዳል» ብለን አስተምረን እናቆማለን። የልጆቹ ስልክ ግን በኪሳቸው ውስጥ 8 ኮር ይዞ ስምንቱንም በአንዴ ያሠራል። ይህን ለማስተማር ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሁለት ልጆች፣ አንድ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተር። አንዱ ጠመኔውን መጀመሪያ፣ ሌላው ዳስተሩን መጀመሪያ እንዲይዝ ንገሩና «ሁለቱንም ሳትይዙ እንዳትለቁ» በሏቸው። ክፍሉ ይስቃል። ከዚያ «ሁሉም ጠመኔ ይቅደም» በሉና ድገሙት። 10 ደቂቃ ነው፤ ልጆቹ ግን አይረሱትም።

ሀ፣ ለ፣ መን ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ክቡ የገጠመላችሁ ኮሜንት ላይ ፎቶውን ለጥፉልኝ። ያልገባችሁም ጠይቁ፣ ማንም አይስቅባችሁም። ለሚጠቅመው ሰው ሼር አድርጉለት።

መልካም ምሽት።